ጣሪያውን አይተው ይምረጡ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስነሳ ወገቤና ዳሌዬ ድርቅ ይላል፤ ስንቀሳቀስ ውዬ ከሰዓት በኋላ ይለቀኛል። ዘመድ ሁሉ «ብርድ ነው» ስላለኝ ከአገር ቤት ዳይክሎፌናክ እያስመጣሁ ስውጥ ኖርኩ። ዘንድሮ ሪውማቶሎጂስት (የመገጣጠሚያ ሐኪም) ዘንድ ሄጄ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ፣ የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት፣ ነው ተባልኩና በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ አዳሊሙማብ ታዘዘልኝ። የደም ምርመራው ግን ቲቢ አለብህ አለ፤ ሳል እንኳ የለኝም። ኢንሹራንሱ ደግሞ መርፌውን አልፈቅድም ብሎ ደብዳቤ ላከ። ቢፈቀድም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት 4,000 ዶላር ዲዳክተብል ከኪሴ ልከፍል ነው፤ የዓመቱ ጣሪያ፣ ማለትም በዓመት ከኪሴ የሚወጣው ከፍተኛው፣ 8,500 ነው። ይህን ፕላን የመረጥኩት በወር 90 ዶላር ብቻ ስለሚቆረጥብኝ ነበር። መሥሪያ ቤቴ 260 የሚቆረጥበት፣ ጣሪያው 3,500 የሆነ ሌላም አለው። ጓደኛዬ «ፋብሪካው ካርድ ይሰጥሃል፣ አምስት ሳንቲም አትከፍልም» ይለኛል። እናቴ «እዚህ ርካሽ ነው፣ ልላክልህ» ትላለች። ለጥር ሠርግ አዲስ አበባ መሄዴም አይቀርም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በጠየቁት ቅደም ተከተል አንመልስም፤ ከፕላኑ እንጀምራለን። የመሥሪያ ቤትዎ የፕላን ምርጫ ጊዜ እንደ ብዙዎቹ ኖቬምበር ላይ ከሆነ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው።

ጤነኛ ሰው ኢንሹራንስ ሲመርጥ ከደመወዙ የሚቆረጠውን ያያል፤ ሐኪም ቤት የሚረግጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ አልተሳሳተም። የእርስዎ ሂሳብ ግን ከእንግዲህ ሌላ ነው። የአዳሊሙማብ የመጀመሪያው ምርት ሁሚራ በ2023 የወጣለት ዋጋ ለአንድ ወር፣ ማለትም ለሁለት መርፌ፣ ወደ 6,900 ዶላር ነበር። በዓመት 26 መርፌ ነው። ባዮሲሚላር የሚባሉት አቻዎቹ ይረክሳሉ፤ ቢሆንም ሐኪሙ፣ ላቦራቶሪውና ኤምአርአዩ ሲደመሩ በዚህ ሕክምና ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያውን ይነካል። ጥያቄው በየትኛው ወር ይነካዋል የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ወጪዎ ከወዲሁ ይታወቃል፦ በወር የሚቆረጠው በ12 ይባዛ፣ ጣሪያው ይደመርበት።

አሁን በያዙት ፕላን 90 በ12 ሲባዛ 1,080 ነው፤ 8,500 ሲደመርበት 9,580 ዶላር። በሌላኛው 260 በ12 ሲባዛ 3,120፣ 3,500 ሲደመርበት 6,620። ርካሽ የመሰለዎት በዓመት 2,960 ዶላር ይበልጥብዎታል። በዚያ ላይ የ90ው ፕላን ገንዘቡን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በአንድ ጊዜ ይጠይቅዎታል፤ የ260ው ግን ገሚሱን በየወሩ ከደመወዝዎ እየቆረጠ ያከፋፍለዋል። (ሕጉ በ2025 ለአንድ ሰው የፈቀደው ከፍተኛ ጣሪያ 9,200 ዶላር ነበር፤ የእርስዎ 8,500 ከዚያ ብዙም አይርቅም።)

ከመፈረምዎ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን «ኤስቢሲ» የሚባለውን የፕላኑን ማጠቃለያ ይጠይቁ። ቀጥሎ ወደ ኢንሹራንሱ ይደውሉና «የትኛውን አዳሊሙማብ ነው የምትሸፍኑት?» ይበሉ። «አዳሊሙማብ ትሸፍናላችሁ ወይ?» ብለው እንዳይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። አምጀቪታ፣ ሃድሊማ፣ ሃይሪሞዝ እያለ ስሙ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ፕላን የራሱን ይመርጣል። ለምሳሌ ለኢንሹራንሶች የመድኃኒት ሽፋን የሚያስተዳድረው ሲቪኤስ ኬርማርክ ሁሚራን ከዋና ዋና የንግድ ፕላኖች የመድኃኒት ዝርዝሮቹ ያወጣው ኤፕሪል 1 ቀን 2024 ነው። ሐኪምዎ በልማድ ሁሚራ ብሎ ጽፎ ፕላንዎ ሃይሪሞዝ ብቻ የሚከፍል ከሆነ፣ «አልፈቅድም» የሚለው ደብዳቤ ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ባዮሲሚላር ስለረከሰ ይደክማል የሚለውን ወሬ አይስሙ፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የሚያጸድቀው በሥራው ከዋናው ትርጉም ያለው ልዩነት እንደሌለው ሲረጋገጥ ነው። በዚያው ስልክ ሪውማቶሎጂስትዎ በአዲሱ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ከተዋዋሉት ሐኪሞች መካከል፣ መሆኑን ያጣሩ። በአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ማለትም ይችላሉ፤ ነጻ ነው። በተሰበረ እንግሊዝኛ «የስ፣ የስ» ተብሎ የተዘጋ ስልክ ብዙ ሰው አስከፍሏል።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ካርድ። ካርዱ እውነት ነው። የመድኃኒቱ አምራች ኢንሹራንስ ላለው ሰው የኮፔይ ካርድ፣ ማለትም የታካሚውን ድርሻ የሚከፍል ካርድ፣ ይሰጣል፤ ሜዲኬድ ወይም ሜዲኬር በሚባሉት የመንግሥት ኢንሹራንሶች ላይ ላለ ሰው ግን ሕግ ይከለክለዋል። «አምስት ሳንቲም አትከፍልም» የሚለው ግን እስከ ግማሽ ዓመት ብቻ እውነት ሊሆን ይችላል። ወጥመዱ አኪዩሙሌተር ይባላል፦ ኢንሹራንሱ የካርዱን ገንዘብ ይቀበላል፣ ከዲዳክተብልዎ ላይ ግን አይቀንስልዎትም። እንበልና ካርዱ በዓመት 6,000 ዶላር አለው። አኪዩሙሌተር በሌለበት ፕላን 4,000ው ዲዳክተብልዎን ይዘጋል፣ የቀረው ወደ ጣሪያው ይገፋዎታል። አኪዩሙሌተር ባለበት ፕላን ግን ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ምንም ሳይከፍሉ ይቆዩና ጁን ላይ ካርዱ ባዶ ይሆናል፤ ዲዳክተብልዎ ከ4,000 ንቅንቅ አላለም፤ ፋርማሲው ሙሉውን ይጠይቅዎታል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ማክሲማይዘር የሚባል የአጎቱ ልጅም አለ፦ ኮፔይዎን ከካርዱ ዓመታዊ ገንዘብ ጋር አስተካክሎ ለ12 ወር ይከፋፍለዋል። ለመርፌው አይከፍሉም፤ ጣሪያዎ ግን አይሞላም፣ ሌላውን ሕክምና ከኪስዎ ይከፍላሉ።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ በ2019 ባወጣችው ሕግ የካርዱ ገንዘብ ለታካሚው እንዲቆጠርለት አዝዛለች። ነገር ግን የትኛውም የስቴት ሕግ «ሰልፍ ፈንድድ» የሚባሉትን ፕላኖች አይነካም። በእነዚህ ፕላኖች ካርድዎ ላይ የታወቀ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ቢኖርም ቢሉን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍሉን ሁለት ነገር በኢሜይል ይጠይቁ፣ መልሱ በጽሑፍ ይምጣ፦ ፕላኑ ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ? የአምራች ካርድ ገንዘብ ዲዳክተብልና ጣሪያ ላይ ይቆጠራል ወይ? ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ደግሞ የሚላክልዎትን «ኢኦቢ»፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ምን እንደከፈለ የሚያሳየውን ማብራሪያ፣ ይክፈቱ። ቢል አይደለም ብለው ወደ መሳቢያ አይወርውሩት። «ዲዳክተብል ላይ የተቆጠረ» የሚለው ቦታ ዜሮ ካለ ወጥመዱ ውስጥ ነዎት፤ ጁን ሳይደርስ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምሩ።

የተከለከሉበትን ደብዳቤ አልላኩልንም፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። የተሳሳተ ስም የሚለውን ከላይ አይተናል። ሁለተኛው የበሽታው መለያ ኮድ ነው። ከሐኪሙ ቢሮ የወጣው ቅጽ ላይ ኤም54.50 ተጽፎ ከሆነ ትርጉሙ «የወገብ ሕመም» ነው፤ ለወገብ ሕመም ማንም አዳሊሙማብ አይፈቅድም። መሆን ያለበት ኤም45.9 ነው። በሽታው ራጅ ላይ ገና ካልታየና በኤምአርአይ ብቻ ከታወቀ ደግሞ ኤም45.ኤ0 ነው። ይህን አይቶ ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቅጂውን ይጠይቁና በዓይንዎ ይዩት።

ሦስተኛው ስቴፕ ቴራፒ ነው፦ መጀመሪያ ርካሹን ሞክር የሚለው። ለዚህ በሽታ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የብግነት ማስታገሻዎች (ናፕሮክሰን፣ ሜሎክሲካም፣ ሰለኮክሲብ፣ ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉ) በሙሉ መጠን ተሞክረው አልበቃ ማለታቸው ይጠየቃል። እርስዎ ዓመታት ውጠዋል፤ ኢንሹራንሱ ግን በኮምፒዩተሩ አንድም አያይም፣ ምክንያቱም ዳይክሎፌናኩ የመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። የአበሻ ታካሚ አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቁጭ ብለው ይጻፉት፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊግራም፣ በቀን ስንቴ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለምን እንደተዉት (ጨጓራ አቃጠለኝ፣ ደም ግፊቴ ጨመረ፣ የጠዋቱ ድርቀት አልለቀቀም)። እዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝተው የወሰዱት አሌቭም ናፕሮክሰን ነው፤ ከነመጠኑ ይጨምሩት። ወረቀቱን ለሪውማቶሎጂስትዎ ይስጡና በሕክምና ካርድዎ ላይ እንዲያሰፍረው ይጠይቁ። ሐኪሙ የጻፈው ማስረጃ ይሆናል፤ የእርስዎ ቃል ብቻውን አይበቃም።

አቤቱታው፣ አፒል የሚሉት፣ ደብዳቤው ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ይገባል። የሐኪሙ ደብዳቤ የባዝዳይ ነጥብዎን (የበሽታውን ጥንካሬ በመጠይቅ የሚለካ ነው፤ ከ10 ውስጥ 4 እና ከዚያ በላይ በሽታው እንዳልበረደ ያሳያል)፣ በደም ውስጥ ብግነትን የሚያሳየውን የሲአርፒ ውጤትዎን፣ የኤምአርአዩን ንባብና ያንን የመድኃኒት ታሪክ ይያዝ። ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያዘው ኤችኤልኤ ቢ27 የተባለው ጂን ኔጌቲቭ ነው ብለው ቢከራከሩዎት፣ ያ ጂን በአፍሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ያነሰ በመሆኑ አለመገኘቱ በሽታውን እንደማያስቀር ሐኪሙ ይጻፍ። መድኃኒቱን ገና ካልጀመሩ ኢንሹራንሱ በ30 ቀን መመለስ አለበት፤ ሐኪሙ አስቸኳይ ነው ብሎ ከፈረመ በ72 ሰዓት። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ «ፒር ቱ ፒር» እንዲነጋገር ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዳግመኛ እምቢ ካሉ በ4 ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ መብትዎ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በጠቅላይ አቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ያለው የጤና ትምህርትና ጥብቅና ክፍል ያለ ክፍያ ያግዛል። ፕላንዎ ሰልፍ ፈንድድ ከሆነ የፌዴራሉ ሠራተኛ ሚኒስቴር የጥቅማ ጥቅም ክፍል በ1-866-444-3272 ይገኛል።

የቲቢውን ነገር አይደንግጡበት፤ «ቲቢ አለብህ» ማለት እዚህ ድብቅ ቲቢ ማለት ነው። ጀርሙ ተኝቷል፤ አያስልም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። የደረት ራጁ ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው። በልጅነት የወሰዱት የቢሲጂ ክትባት ሊያሳብጠው የሚችለው የቆዳ ምርመራን ነው፤ ለእርስዎ የተደረገውን የደም ምርመራ ግን ክትባቱ አያሳስተውም። አዳሊሙማብ የተኛውን ጀርም ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ መታከም ግድ ነው፦ ሪፋምፒን በየቀኑ ለ4 ወር፣ ወይም አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት። ሪፋምፒን ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ አይደንግጡ። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለሚጣላ የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ፤ አልኮልም ይቅር። የቲቢ ሕክምናው ቢያንስ አንድ ወር ከሆነው በኋላ መርፌውን መጀመር የተለመደ ነው። አቤቱታዎም በዚያው ወር ሊያልቅ ይችላል።

ለዚህ ምርመራ ብዙ እንዳይከፍሉ። ቲቢ በሚበዛበት አገር የተወለደ ሰው የድብቅ ቲቢ ምርመራ ከመከላከያ አገልግሎቶች አንዱ ስለሆነ፣ በኔትወርክ ውስጥ ከተሠራና በመከላከያ ምርመራነት ከተመዘገበ ዲዳክተብል አይነካውም። የሄፓታይተስ ቢ፣ እኛ የወፍ በሽታ የምንለው፣ ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ለእሱም መርፌው ከመጀመሩ በፊት መመርመርዎ አይቀርም። ቢል ከመጣ ወደ ሐኪም ቢሮው ይደውሉና «በመከላከያ ምርመራ ኮድ መልሳችሁ ላኩት» ይበሉ። ክኒኑን ብዙ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ስለሚሰጡ ፋርማሲ ከመሄድዎ በፊት እዚያ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያው ይገባል። በአብዛኞቹ ፕላኖች ዲዳክተብልም ጣሪያም ጃንዋሪ 1 ከዜሮ ይጀምራሉ። መርፌውን ዲሴምበር ላይ ቢጀምሩ የዘንድሮውን 4,000 ሊጠየቁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ የአዲሱን ዓመት ሊጀምሩ ነው። ጃንዋሪ ቢጀምሩ አንዱን ብቻ ይከፍላሉ። ይህን ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩት፤ ለጥቂት ሳምንት ማስታገሻው ከያዘዎት ሊስማማ ይችላል። ሌሊት በሕመም የሚነሱ ከሆነ ወይም ዓይንዎ ከተቆጣ ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ አይዘገይም። በተቃራኒው በሚቀጥለው ዓመት ጣሪያው ከሞላ በኋላ እስከ ዲሴምበር 31 በኔትወርክ ውስጥ የተሸፈነው ሁሉ ነጻ ነው፤ የተጓተተ ምርመራ ካለ ያን ጊዜ ያሠሩት።

እስከዚያ ማስታገሻውን በልክ ይውሰዱ። ናፕሮክሰን 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ከታዘዘልዎ አሌቭንም ዳይክሎፌናክንም አይደርቡበት፤ ጨጓራና ኩላሊት የሚጎዳው መደረቡ ነው። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ግን በጓደኛ ምክር አይነኩ፤ ለአከርካሪው ብዙም አይፈይዱ፣ ሲቆዩ አጥንት ያሳሳሉ።

ትንንሽ ወጪዎችም አሉ። ኤምአርአይ ከታዘዘ ለዳሌና አከርካሪ መጋጠሚያው ብዙውን ጊዜ ያለ ማቅለሚያ ይበቃል፤ ኮዱ 72195 ነው። በዚያ ኮድ ከሆስፒታል ውጭ ያለ የምርመራ ማዕከልን ዋጋ ይጠይቁና ከሆስፒታሉ ጋር ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ያስገርምዎታል። በየዓመቱ ራጅ እናንሳ ቢሉዎ ለምን ይበሉ፤ ያለ አዲስ ምክንያት በቀጠሮ እየተደጋገመ የሚነሳ የአከርካሪ ራጅ አይመከርም። ፊዚዮቴራፒ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄደው የቤት እንቅስቃሴውን ይማሩ፤ ሥራው ያለው በየቀኑ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ዓይንዎ በድንገት ቀልቶ ቢያምዎትና ብርሃን ቢያስመርርዎት በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ይደውሉ፤ በዚህ በሽታ ከሦስት ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ የዓይን ብግነት ነው። ኢመርጀንሲ ክፍል ብዙ ያስከፍላል፤ የዓይን ሐኪም ላይኖረውም ይችላል።

የሆስፒታል ቢል ከመጣብዎት ሳይከፍሉ የፋይናንስ ድጋፍ ቅጽ ይጠይቁ። በሜሪላንድ ሕግ ገቢው ከድህነት ወለሉ ሁለት እጥፍ በታች የሆነ ታካሚ በሆስፒታል ነጻ ይታከማል፤ በ2025 ሂሳብ ለአንድ ሰው 31,300፣ ለአራት ቤተሰብ 64,300 ዶላር ነበር። እስከ ሦስት እጥፍ ያለው ቅናሽ ያገኛል። የፋርማሲውን መርፌ ግን ይህ አይሸፍንም።

የእናትዎ ሐሳብ ከፍቅር ነው፤ ይሁን እንጂ ይቅር። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሳይቀመጥ ብዙ ከቆየ ይበላሻል፤ ተበላሽቶም መልኩ ላይለወጥ ስለሚችል በዓይን አይለዩትም። አገር ቤት እንደ ልብ የሚገኝ መድኃኒትም አይደለም። ኢንሹራንስ አልሠራ ካለ ከዚያ የሚሻለው እዚሁ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ነው፦ ዩሲምሪ የሚባለውን ባዮሲሚላር ኮስት ፕላስ ድራግስ የተባለው የኢንተርኔት ፋርማሲ በ2023 ለሁለት መርፌ ወደ 570 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ የዛሬውን ዋጋ ጠይቀው ያወዳድሩ። በዚህ መንገድ የከፈሉት ግን ከዲዳክተብል አይቆጠርም።

ወደ ጥር ወሩ ሠርግ ይሂዱ፤ የሚበልጠው ሥራ ከመሄድዎ በፊት ያለው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ክትባት ስለሆነ አዳሊሙማብ ከተጀመረ በኋላ አይወሰድም። ከዚህ በፊት ካልወሰዱና ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ፣ ከመጀመሪያው መርፌ ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ መሆን አለበት። ሰርተፊኬቱ ካለዎት የዕድሜ ልክ ነው። የሚቀጥለው መርፌ እዚያ እያሉ የሚደርስ ከሆነ ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ወደ ፋርማሲው ይደውሉና «ቬኬሽን ኦቨርራይድ» ይጠይቁ፤ ቀድሞ ይሰጥዎታል። መርፌው ከነካርቶኑ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይሂድ፤ ወደ ካርጎ ከገባ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ደግሞ ቀልጦም አይወጋም። በበረዶ ከረጢቱና በካርቶኑ መካከል ፎጣ ያድርጉ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ ከጀርባው ግድግዳ ራቅ ብሎ። መብራት ቢጠፋ አይሸበሩ፤ አብዛኞቹ የአዳሊሙማብ ምርቶች ከ25 ዲግሪ በታች እስከ 14 ቀን ውጭ መቆየት ይችላሉ፤ የእርስዎን በካርቶኑ ወረቀት ላይ ያረጋግጡ። ከፍሪጅ ያወጡበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉበት።